የፍቅር ታሪክና የአንባቢው ፍርድ

የፍቅር ታሪክ ማንበብ ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ይህን የሚናገሩት ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተማሪው የፈተና ደብተሩን ዘግቶ፥ ጸሐፊው መዝገቡን ወደ ጐን ገፍቶ በልብ ወለድ ላይ ሲያፈጥ እያዩ ነውና። እኛ ግን ነገሩን በሌላ ፊት እንመለከተዋለን። ሰው ስለ ገዛ ጠባዩ ሲጠየቅ ወይ ያሳምራል፥ ወይ ይሸሽጋል፤ በመጽሐፍ ውስጥ ስለሚኖር ሰው ሲጠየቅ ግን ሳይጠነቀቅ ይፈርዳል። በዚያም ፍርዱ ውስጥ የራሱ ልብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የፍቅር ታሪክን ማንበብ ብቻ ሳይሆን፥ አንባቢው ምን እንደሚልበት መስማትም ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ አግኝተነዋል።

እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በወልድያ ጨርሰን፥ በሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኝ ነን። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ሥራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ይህ ምዝገባ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍችና ሞት በመንግሥት መዝገብ ይጻፋሉ። የጋብቻው መዝገብ የሙሽራውንና የሙሽሪትን ስም፥ የተወለዱበትን ቀን፥ የጋብቻውን ዕለት፥ የምስክሮችን ስምና ፊርማ ይጠይቃል። መፋቀራቸውን ግን አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባውም፤ ፍቅር በፊርማ የሚረጋገጥ ነገር አይደለምና። ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ስለ ጋብቻ የሚጽፍ ሰው፥ ሲመሽ ስለ ፍቅር ቢያነብ የሚያስገርም አይመስለንም።

በውጭ አገር ይህ ዐይነቱ ንባብ እንዴት እንደ ተስፋፋ ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1947 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት ሰዎች የፍቅርን ታሪክ በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ መጽሔት አወጡ። መጽሔቱ ብዙ ገበያ ስላገኘ ሌሎችም አሳታሚዎች ተከተሉት፤ አንባቢዎችም ስለ ራሳቸው ፍቅር ምክር እየጠየቁ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። በ1954 ግን አሳታሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ፥ የፍቅር ታሪክ ሁሉ የቤትን ዋጋና የጋብቻን ቅድስና አጕልቶ እንዲያሳይ ታዘዘ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የታሪኩ ፍጻሜ አስቀድሞ በደንብ ከተወሰነ፥ አንባቢው የሚፈርድበት ነገር ያንሳል። ሠርጉ እንደማይቀር እያወቀ የሚያነብ ሰው ሙሽሪት የምትለብሰውን ቀሚስ ከማየት በቀር ምን ይጠብቃል?

የእኛ አገር ልብ ወለድ አመጣጥ ከዚህ የተለየ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ የተባለችው ልጅ ወንድ መስላ ለብሳ በአገር ላይ ትዞራለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሰብለ ወንጌል በመነኵሴ ልብስ ተሰውራ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ኀምሳ ስምንት ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን የሴት ልጅ እግር ከቤት ርቆ ለመሄድ የሌላ ሰው ልብስ ያስፈልገው እንደ ነበር ደራስያኑ ያሳዩናል። ይህን ያስተዋለ አንባቢ የፍቅር ታሪክ የፍቅር ወሬ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

ፍጻሜያቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው በደስታ ያልቃል፤ የሁለተኛው መጨረሻ በስሙ ላይ ተጽፏል። ሆኖም ወሎዬ አንባቢ በዚህ ሲደነግጥ አላየንም። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እየሰማ ያደገ ሰው፥ ፍቅር ከመገናኘት ይልቅ በመለያየት እንደሚዜም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል።

በመሥሪያ ቤታችን ግቢ፥ በምሳ ሰዓት፥ ፀሐዩ በርትቶ ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ጊዜ፥ ይህን መጽሐፍ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ማንበብ ጀመርን። በመጀመሪያ ሦስት ሰዎች ያዳምጡን ነበር። አንደኛው በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ሽማግሌ ዘበኛ፥ ሁለተኛዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆኑ የልጆች እናት፥ ሦስተኛው ትምህርቱን በቅርብ ጊዜ የጨረሰ ወጣት ናቸው። በኋላ ግን ጀበናው ሲጣድ የሚመጣው አድማጭ በረከተ።

በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ በመሆኑ እንዳያገባ ሲጨነቅ፥ ወጣቱ ተቈጥቶ፥ «ወንድ ከሆነ ለምን ወዲያው ይዟት አልጠፋም?» አለ። ሽማግሌው ዘበኛ ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «ልጄ፥ ስለት ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ የተበደረው ልጁ አልነበረም፤ ያስከፈሉት ግን እርሱን ነው። ደግሞስ ዓባይን በእግር የምትሻገር አንተ ነህን?» ብለው መለሱለት። ሁሉም ሣቀ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ግን ሳይሥቁ፥ «እናንተ በዛብህ በዛብህ ትላላችሁ፤ እኔን ያናደዱኝ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። የባሉን ሁሉ ዘር ሲመዝኑ የልጃቸውን ዕድሜ ሳይመዝኑት ቀሩ» አሉ።

በዚህ ጊዜ መጽሐፉ ሦስቱንም እንዳነበባቸው ተገነዘብን። አስፋልትና ስልክ ባለበት ዘመን ያደገው ወጣት፥ መዘግየትን ሁሉ ፍርሃት አድርጎ ይቈጥረዋል። ሽማግሌው የቃልን ክብደት ያውቃሉ። ወይዘሮዋ ደግሞ በሴት ልጅ ላይ ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። የሦስቱም ፍርድ እውነት ነው፤ አንዱም ብቻውን ግን አይበቃም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ አባት ልጁን ይዞ ጋብቻዋን ሊያስመዘግብ መጣ። የልጅቷ ዕድሜ ዐሥራ ስድስት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም ዐሥራ ስምንት አደረገው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተ ሰብ ሕግም ይህንኑ ይጠብቃል። ይህን ገልጸን ብንነግረው፥ «ወንድሜ፥ እኔ እናትዋን ሳገባ ዕድሜ የጠየቀኝ ማን ነበር?» አለን።

እውነቱን ለመናገር በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን ስናገኝ ሥቀንባቸዋል። በፊታችን የቆመው ሰው ግን የሚያሥቅ አልነበረም። የሚመካበት ዘር የለውም፤ ጫማው አልቋል፤ የለበሰው ጋቢ በአንድ ወገን ተጥፏል። የሚያስጨንቀው የጐረቤቶቹ ሴቶች ልጆች እንደሄዱት ሁሉ የእርሱም ልጅ አንድ ሌሊት ተነሥታ በደላላ እጅ ወደ ዐረብ አገር እንዳትጠፋበት ነበር። «ባል ካገባች ትቀመጣለች» አለን ቀስ ብሎ። በዚህ ወረዳ የኖረ ሰው ይህን ፍርሃት ተረት ነው ሊል አይችልም። ሆኖም ፍርሃቱ እውነት መሆኑ የልጅቷን ዕድሜ አይጨምረውም። ስለዚህ አልመዘገብንም።

ልጅቷን ስለ ፈቃድዋ ጠየቅናት። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም አለች። ደግመን ብንጠይቃት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። አባትዮው ደኅና ዋሉ ሳይል ይዟት ሄደ። በመስከረም ወር ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር ታቅፋ ስታልፍ አይተናታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ መናገር የእርስዋ ፈንታ ነው እንጂ የእኛ አይደለም።

የዚያች ልጅ ዝምታ የፍቅር ታሪኮቻችንን እንደገና እንድንመለከታቸው አድርጎናል። በብዙ ትንንሽ ልብ ወለዶች ውስጥ ስለ ሴቲቱ ዐይን፥ ስለ አንገቷና ስለ ጠጕሯ ሁለት ሦስት ገጽ ይጻፋል፤ አፏን ከፍታ ምን እንዳሰበች የምትናገርበት ስፍራ ግን ይጠፋል። ሁለተኛም፥ አንድ ደብዳቤ በሰው እጅ ተሰውሮ መቅረቱ፥ ድኻው ጐልማሳ በድንገት ባለጸጋ መሆኑ ታሪኩን እንዲፈታ ይደረጋል። በሕይወት ግን ችግሩን የሚፈታው እንዲህ ያለ አጋጣሚ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ይህ ዐይነቱ ሤራ በየቤቱ ገብቷል። ድራማውን ማየት ነውር የለበትም፤ ከተመልካቹ የሚፈለገው በባለ ታሪኮቹ ላይ እንዲፈርድ ነው።

የፍቅር ታሪክ ከንቱ ነው ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ ከተማዋ በተያዘች ጊዜ፥ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ መብራት ጠፍቶ፥ ስልክም ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጐረቤት ከጐረቤት ተሰብስቦ ሲቀመጥ፥ ስለ ጦርነቱ ማውራት ሕፃናቱን ያስፈራቸው ስለ ነበር፥ የሰብለንና የበዛብህን ታሪክ በቃላችን እንተርክላቸው ነበር። በየሌሊቱ የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ተገናኙ ወይ?» ይሉናል። ቀድሞ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፥ ወላጆቻችንም በየቤታቸው ተሰብስበው የሚጠብቁት ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሰው የራሱ ነገ በማይታወቅበት ጊዜ ስለ ሌላ ሰው ነገ መጨነቁ ልቡ አለመሞቱን ያሳያል።

ስለዚህ መምህራን የፍቅር ታሪክ ሲያስተምሩ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት ከማስጠናት አልፈው፥ «ፊታውራሪ መሸሻ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ሰብለ ወንጌል ብትሆኚስ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ወንዶቹም ሴቶቹም ይመልሱ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ሰብለ መናገር የለመደች ተማሪ፥ አንድ ቀን በመዝገብ ሹም ፊት ቆማ ስለ ራስዋ ስትጠየቅ ቃል አታጣምና። ደራስያንም ለጀግናዪቱ ከሚሰጡት ውበት ጥቂቱን ቀንሰው ንግግር ቢጨምሩላት እናመሰግናቸዋለን። እኛም በምሳ ሰዓት የምናነበውን አላቋረጥንም፤ አሁን የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ የሴቶቹን ንግግር በራሳቸው ድምፅ ያነቡልናል።