የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫና የአያት ስሌት

ሴት ልጃችን የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ፈጽማ ዩኒቨርስቲ እስክትጠራ ድረስ ባለው ጊዜ፥ በ2017 ዓ.ም. ክረምት፥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ለመማር መፍቀዷን በነገረችን ጊዜ ደስታችን ታላቅ ነበር። ዓላማዋም የተወሰነ ነበር፤ ይኸውም አያቷ መሪጌታ በየዓመቱ በወረቀት የሚያወጡትን የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት፥ ባሕረ ሐሳቡን፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በእጅ ስልኩ እንዲያገኘው ማድረግና ለመስከረም 1 ቀን 2018 ማድረስ ነው። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት «በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ቤታችንን ብዙ ቀን አከራከረ።

መካሪ አላነሰንም። በአሜሪካ የሚኖሩት አጎቷ፥ አፕል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ያወጣውን ስዊፍትን መከሩ፤ እርሳቸው የሚይዙት አይፎን ስለ ሆነ ዓለሙ ሁሉ አይፎን የያዘ ሳይመስላቸው አልቀረም። ለአይፎን የሚሆነውን ለመሥራት ግን የአፕል ኮምፒዩተር ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ያለው ደግሞ 4 ጊጋባይት ብቻ ሚሞሪ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዳርት በሚባለው ቋንቋ የሚሠራው ፍላተር ለሁለቱም ዓይነት ስልክ ይሆናል ቢባልም፥ ለአይፎኑ ያንኑ ኮምፒዩተር አያስቀርም። የጎረቤታችን ልጅ ፓይዘንን አመሰገነ። ለመማር ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ብራውዘር በቀጥታ አይረዳውም።

እኛ ወላጆቿም ዝም አላልንም። ጎግል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ኮትሊንን ለአንድሮይድ ሥራ ቀዳሚ ቋንቋ ማድረጉን ሰምተን፥ ቀጣሪዎችም ይፈልጉታል ስለ ተባለ፥ እርሱን እንድትማር ገፋፋናት። እርሷ «ጃቫስክሪፕት ይሻላል መሰለኝ» ብላ ነበር፤ አልሰማናትም።

ኮትሊን መጥፎ ቋንቋ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን የሚጻፍበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ለላፕቶፓችን ከባድ ሸክም ሆነበት፤ አንዲት መስመር ለውጣ ውጤቱን እስክታይ ድረስ ቡና ተወቅጦ ይፈላ ነበር ብንል ብዙ አላጋነንንም። ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ ስሌቱ በስልኳ ላይ ሠራ፤ የ2018ን ጾመ ነነዌ ጥር 25፥ ትንሣኤን ሚያዝያ 4 ብሎ አወጣ፤ አያቷም ከወረቀታቸው ጋር አመሳክረው ትክክል ነው አሉ። ይሁን እንጂ አጎቷ በአይፎናቸው ሊከፍቱት አልቻሉም፤ ስልክ የሌላቸውም ታናናሾቿ በላፕቶፑ ሊያዩት ፈልገው አልሆነላቸውም። ለቤተ ሰቡ ሁሉ የታሰበው ሥራ ግማሹን ቤተ ሰብ በደጅ አስቀረ። በዚያች ማታ ልጃችን እራት ሳትበላ ተኛች፤ እኛም ሁለቱ ወራት ያለፉት በእኛ ግፊት መሆኑን ዐውቀን የምንላት አጣን።

በማግሥቱ ጃቫስክሪፕትን ጀመረች። ይህን ቋንቋ ብሬንዳን አይክ የተባለው ሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 በዐሥር ቀን ነደፈው፤ የችኮላው ምልክትም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ቢሆንም ብራውዘር ሁሉ ስለሚረዳው፥ አንዱ ገጽ በአንድሮይድም በአይፎንም በላፕቶፕም ይከፈታል፤ በሚገባ ከተሰናዳም አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኛን ያስደነቀን ግን ስሌቱን እንደ ገና መማር አለማስፈለጉ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 መጨመር፥ ለ19 አካፍሎ ከቀሪው አንድ ማጕደል፥ የተገኘውን ወንበር በ11 አባዝቶ፥ በ30 ገድፎ አበቅቴን ማውጣት፤ ይህ ሁሉ በኮትሊን ተጽፎ የነበረው አጻጻፉ ጥቂት ብቻ ተለውጦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሻገረ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አሳፈራት። አያቷ በገጹ ላይ 2018 ብለው ቢጽፉ፥ ዓመተ ዓለሙ 55002018 ሆኖ ወጣ።

«ልጄ፥ ሃምሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት መቼ ኖርን?» አሉ መሪጌታ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ጃቫስክሪፕት እንደ ቍጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ስለ ተቀበለው፥ በመደመር ፈንታ ከ5500 ጐን ቀጠለው። ኮትሊን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን መደባለቅ ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ በከለከላት ነበር። ስለዚህም ማይክሮሶፍት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ያወጣውን ታይፕስክሪፕትን በላዩ ተማረች፤ እርሱ ጃቫስክሪፕት ሆኖ ሳለ፥ ቍጥር እንዲሆን በታዘዘ ቦታ ጽሑፍ ቢገባ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ያለ ኮትሊን ጥብቅነት ይህን መፈለግ ባላሰበች ነበር ትላለች፤ እኛን ለማጽናናት ይሁን እውነቷን ይሁን አልለየንም።

ገጹ ለመስከረም 1 ደረሰ፤ አጎቷም በአሜሪካ ሆነው ከፈቱት። አሁን ደግሞ የኮትሊኑ ሥራ በጎግል መደብር ይቀመጥልኝ ትላለች፤ ለዚህም አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ይጠየቃል። በአፕል በኩል ክፍያው በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። አጎቷ የአፕሉን እኔ እችላለሁ ብለዋል፤ ስለ ኮምፒዩተሩ ግን እስካሁን ምንም አልተናገሩም።