ሰሙ ገበያተኛ፥ ወርቁ መርማሪ

30 ዓመት ቅኔ ሳስተምር በገባሁበት ቤት ሁሉ ሰው ስለሚነሣልኝ፥ ሻጭ ለማያውቀው ሰው ምን ፊት እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ ባለሱቅ «የኔታ፥ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ገብተው የሠራተኞቼን ጠባይ ይመልከቱልኝ» ቢለኝ፥ ጥምጥሜን አውርጄ ካፖርት ለብሼ ሄድሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች፥ ባንኮችና ሆቴሎች ለዚህ ሥራ ሰው ቀጥረው ሰላምታውን፥ የጥበቃውን ደቂቃ፥ ደረሰኙን ያስመረምራሉ፤ መርማሪውም በፊታቸው አይጽፍም፥ ሁሉን በቃሉ ይዞ ይወጣል። ይህማ የቅኔ ቤት ልማድ አይደለምን? ሰሙ ስኳር መግዛት ነው፤ ወርቁ ሌላ።

ደስታውን አልደብቅም፤ እጄን የሚስም፥ ምክር የሚጠይቅ ሳይኖር ከሰው መካከል መቆም ዕረፍት ሆነልኝ።

ሻጪቱ ግን ሰላምታ ሳትሰጠኝ 11 ደቂቃ አስጠበቀችኝ። በዚያ ጊዜ የራሷን ወንበር አውጥታ አንዲት አሮጊት አስቀምጣ፥ ብራቸውን ትቆጥርላቸው ነበር። የተሰጠኝ ወረቀት «ሰላም አለችን? ስንት ደቂቃ አስጠበቀች?» ይላል እንጂ ስለ ወንበር መስመር የለውም። ባለሱቁም ያጠፋውን ሰው ደመወዝ እንደሚቀንስ ነግሮኝ ነበር። መዋሸት አልቻልሁምና «11» ብዬ ጻፍሁ። ወንበሩንም በኅዳጉ ላይ፥ ከጥያቄዎቹ ሁሉ በሚጐላ ፊደል ጻፍሁት።