12 ጊጋ ብሎ ቆጥሮልኝ ነበር

እትዬ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ጽሕፈት ቤት ክስ፣ ውክልናና የቤት ኪራይ ውል ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ያመጡልኝ "ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ይሄ ያንቀላፋል" ብለው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ካቆመ ወራት አልፈው ነበር፤ የእሳቸው ማሽን ግን ገና 7 ላይ ነበር። 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ልገጥም፣ 8 ጊጋ ራም ልጨምር፣ ዊንዶውስ 10 ልጭን፣ አሮጌው ዲስክ የፋይል ማስቀመጫ ሆኖ ሊቀር ተስማማን። "ነገ ከሰዓት ይውሰዱት" አልኳቸው።

የጨመርኩት ራም ያገለገለ ነበር። አዲስ ነው ብዬ አልዋሸሁም፤ ያገለገለ ነው ብዬም አልነገርኳቸውም። ገጥሜ ስከፍተው ባዮሱ 12 ጊጋ ብሎ ቆጠረ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ዊንዶውሱ መጫን ጀመረ። 40 ከመቶ ላይ ሲደርስ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም የለም የሚል፣ በ70570 የሚያልቅ ኮድ ሰጥቶ ቆመ። ፍላሹ ነው አልኩና እንደገና ጻፍኩት። በሁለተኛው 71 ከመቶ ደርሶ ሰማያዊ ስክሪን አወጣ፦ ሜሞሪ ማኔጅመንት። እንግዲህ ስሙን ጠርቶ ነገረኝ ማለት ነው። እኔ ግን ፍላሽ ቀየርኩ። በሦስተኛው ገና 12 ላይ ሌላ መልእክት ይዞ ወደቀ። የዲስኩን ኬብል ለወጥኩ፣ ባዮስ ገብቼ ያለውን ሁሉ ነካካሁ፣ ከጎረቤት ሱቅ ፓወር ሰፕላይ ተዋስኩ። መብራቱንም ረገምኩ፤ በዚህ ከተማ መብራትን ጠርጥሮ የሚያፍር የለም፣ ለሰነፍ ባለሙያ ምቹ ነገር ነው። በመጨረሻ የራም ጥርስ በላጲስ ፈተግሁ፤ የአሮጌውን ራም! ዓመታት ሙሉ ያለ እንከን የሠራውን። ራሴ መርጬ፣ ራሴ ከፍዬ፣ ራሴ የሰካሁትን አልነካሁትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይሄ ነው።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ተናደድኩ። ዲስኩ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ድራይቭ 0 እና ድራይቭ 1 ተደርድረዋል። ኤስኤስዲው 0 ነው ብዬ በእሱ ስር ያለውን ሁሉ ደለትኩና እዚያው ላይ ጫን አልኩት። 30 ከመቶ ላይ ተሰናከለ። ዓይኔ ያኔ ነው ወደ መጠኑ የሄደው፤ 465 ጊጋ ይላል። 240ው ኤስኤስዲ እዚያ ገጽ ላይ 223 ሆኖ ነው የሚታየው። የደለትኩት የእትዬን ዲስክ ነበር። የዲስኮቹ ቁጥር ከመጠናቸውም ከአዲስነታቸውም ጋር አይገናኝም፤ ለዚህ ነው ደህና ባለሙያ ዊንዶውስ ሲጭን ሌላውን ዲስክ ነቅሎ የሚያስቀምጠው። ይህን ለተለማማጆቼ አስተምራለሁ።

ጠዋት ሜምቴስትን በፍላሽ አስነሣሁት። ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስ አያስፈልገውም፤ ራሙ ላይ እየጻፈ መልሶ ያነብባል፣ የጻፈውና ያነበበው ካልተስማማ በቀይ ያሰፍራል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪኑ ቀላ። የጨመርኩትን ነቅዬ አሮጌውን ብቻውን ለሰዓታት ተውኩት፤ አንድም ቀይ የለም። ባዮሱ 12 ጊጋ ሲለኝ የነገረኝ የተሰካውን ብዛት እንጂ ጤንነቱን አልነበረም። የራሙ ሕመም መጫን ላይ የሚጋለጠውም ወዶ አይደለም፦ ጫኚው ራሙ ላይ ጊዜያዊ ዲስክ ሠርቶ ይቀመጣል፣ የታመቀውን ትልቅ ፋይል በዚያው በኩል እያሳለፈ ይፈታል፣ የፈታውን ደግሞ ያመሳክራል። ውል ሲጽፉ የማይነካው የራሙ ጥግ ያኔ ይነካል። ፍላሹ ቢበላሽ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይወድቅ ነበር። 40፣ 71፣ 12 እያለ መልኩን ሲለዋውጥ የነበረው የተሰካው ዕቃ ስለታመመ ነው። ይህንንም አስተምራለሁ።

እትዬ ከሰዓት ሲመጡ "ሃርድ ዲስኩ ሞተ፤ አርጅቶ ነበር" አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ምን ታደርግ፣ አንተም ለፋህ" ብለው ሻይ ጋበዙኝ። ሻዩን ጠጣሁ።

ሌሊቱን ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን አስጠረግሁት። በሌላ ነገር ያልተጻፈበትን ይመልሳል፤ የፋይሉን ስም ግን አይመልስም፣ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። በማግስቱ ጽሕፈት ቤታቸው ሄጄ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ እየከፈትን ስም ማውጣት ጀመርን። "ይሄ የውርስ ክስ ነው፤ ይሄ የመኪና ሽያጭ፤ ይሄን ሰውዬ አስታውሰዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ አስለውጦኛል።" ግማሹ አልከፈት አለ፤ ከላዩ የዊንዶውስ ፋይል ተጽፎበታል።

መቶ ያህል ከከፈትን በኋላ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ።

"የሞተ ዲስክ ይሄን ሁሉ ይመልሳል እንዴ?"

"አልሞተም ነበር እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።" ራሙንም፣ ያገለገለ መሆኑንም፣ ሌሊቱንም ነገርኳቸው። የራሙን ዋጋ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ብሩን አዩት እንጂ አልነኩትም። መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

"ቀጣዩን ክፈት" አሉኝ።