ስለ ሁለተኛው ዲስክ ትንሣኤ

በሶላሪስ 10 የሚሠሩ ባልንጀሮቼ፣ የዲስኩ ሁሉ ነገር በሁለተኛው ዲስክ ላይ ተገልብጦ መኖሩ ብቻ ሰርቨሩ በክፉ ቀን ይነሣል ማለት እንዳልሆነ ቢያስተውሉልኝ እወዳለሁ፤ የመረጃው ቅጂ ሥጋ ቢሆን የማስነሻው ክፍል እስትንፋስ ነውና፣ በስፓርክ ማሽን ላይ «ኢንስቶልቡት» በተባለው ትእዛዝ የሚጻፈው ይህ ክፍል በኋለኛው ዲስክ ላይ ከሌለ፣ ፊተኛው በሞተ ዕለት ኋለኛው መረጃው ምሉዕ ሳለ ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም የሚረቅ ኅቡእ ነገር አለ። የዲስኮቹን ትስስር የሚመዘግቡት የሁኔታ ቅጂዎች በሁለቱ ላይ እኩል ተከፍለው እንደ ሆነ፣ አንዱ ዲስክ ሲጠፋ ሥርዓቱ በቀረው እኩሌታ ሥራውን ይቀጥላል፤ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ግን ከእኩሌታ የሚበልጥ ምስክር ካላገኘ በራሱ ወደ ሙሉ አገልግሎት አይመለስም። የዲስኮቹን ትስስር ሁኔታ የሚያሳየው «ሜታስታት» የተባለው ትእዛዝ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ቢመሰክርም ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ምትኬ ከተወሰደ በኋላ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት፣ ማሽኑን ወደ ኦፕንቡት አውርዶ ከሁለተኛው ዲስክ ማስነሣት፣ ቀጥሎም ማሽኑን አጥፍቶ ፊተኛውን በመንቀል ደግሞ መፈተን ይገባል፤ በሁኔታ ቅጂዎች ማነስ የቆመ እንደ ሆነ የጠፉትን ቅጂዎች «ሜታዲቢ» በተባለው ትእዛዝ ሰርዞ ዳግመኛ ለማስነሣት፣ ኮንሶሉና የሩት የይለፍ ቃል አስቀድመው በእጅ ይሁኑ።