ከአምቦ እስከ ጉደር በሁለት ጎማ

ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አምቦ

ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ወደ ጉደር ስወጣ መንገዱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በበጋ እያንዳንዱን ጉድጓድ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ሰፊ፣ የትኛው ጥልቅ እንደሆነ እለያለሁ። ዛሬ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ውሃ ሞልቶታል። ጣት የማያሰምጠውና ግማሽ ጎማ የሚውጠው አይለዩም። መኪና ዝም ብሎ ይገባበታል። ባጃጅ ትንሽ ያመነታል። ብስክሌተኛ ግን የፊት ጎማው ከተቀረቀረ በመሪው ላይ ተሻግሮ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ውሃ ያየሁበትን ሁሉ እዞራለሁ። ስዞር ደግሞ ወደ ነቀምት የሚሄድ ከባድ መኪና ከኋላዬ ጡሩንባውን ይለቀዋል። መሀል መንገድ የገባሁት በጥጋብ ይመስለዋል።

ሰንቀሌን ሳልፍ የአስፋልቱ ጠርዝ እንደ ተነከሰ ዳቦ ተሸራርፏል። ዳር ይዞ መሄድ የሚባለው ምክር እዚህ አይሠራም፤ ዳሩ ራሱ የለም።

ሰኔ 2፣ አምቦ

ጎማዬ ተንፍሶ ጎሚስታው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው የውስጡን ጎማ ነፍተው ውሃ በሞላ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ነከሩት። አረፋው ጎን ለጎን ከሁለት ቦታ ወጣ።

«ይሄ ምስማር አይደለም ልጄ፤ ጉድጓድ ነው» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ምስማር አንድ ቦታ ነው የሚበሳ። ጉድጓድ ግን ጎማውን በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ይነክሰዋል። ንክሻ ደግሞ ሁለት ነው።»

እየፈገፈጉና ማስቲሽ እየቀቡ ተጨዋወትን። በክረምት የሚመጣላቸው ሥራ ከበጋው ይለያል፤ ምስማርና እሾህ ይቀንሳል፣ ንክሻና የተጣመመ ቸርኬ ይበዛል። መድኃኒቱ ጎማውን ጠንከር አድርጎ መንፋት ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ጎማ ሲላላ ነው የሚነከሰው። ችግሩ እኔ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ የምወጣው በኮብልስቶን ነው። ጠንካራ ጎማ በኮብልስቶን ላይ እጅን እስከ ትከሻ ያንቀጠቅጣል፣ ብሎን ያላላል። ለአንዱ መንገድ ሞልቶ፣ ለሌላው አጉድሎ መንፋት ያስፈልጋል። ለ10 ደቂቃ ጉዞ ሁለት ዓይነት ጎማ የምትጠይቅ ከተማ ናት የኛዋ አምቦ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን። ጋሪው፣ አህያው፣ ባጃጁ፣ እግረኛው ሁሉ ጉድጓዱን ሸሽቶ በቀረችው ደህና ቁራጭ ላይ ተገናኝቷል። መንገዱ ሰፊ ነው ቢሉም የሚያገለግለው የአንድ ሰው መተላለፊያ ያህል ብቻ ነው። ወርጄ ገፋሁ።

በሠፈራችን ኮብልስቶኑ ደህና ነበር። ከዚያ ለውሃ መስመር ተቆፈረ። ድንጋዮቹ ሲመለሱ ከሥራቸው አሸዋ አልተደለደለም፣ አልተጠቀጠቀም፤ ዝም ብለው ተደረደሩ። አሁን ከመንገዱ ይልቅ የተቀበረው ቱቦ መስመር ከላይ ይታያል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ከፓሪስ አካባቢ ወደ ሩቤ በሚያደርጉት የብስክሌት ውድድር ሻካራ የድንጋይ መንገዶችን ያልፋሉ፤ ድንጋዮቹ እንዳይጠፉ የሚጠግን ማኅበር ሳይቀር አላቸው። ለነሱ በዓመት አንድ ቀን ነው።

ሰኔ 22፣ ጊንጪ

ብስክሌቴን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ጊንጪ መጣሁ። የዚህ አገር አፈር ጥቁር ነው፤ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚሉት። በሀገራችን እንዲህ ያለ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይነገራል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። የሆለታ እርሻ ምርምር ማዕከል በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ ውሃን ከማሳ ማውጣት ነው። ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣው ማረሻም የመጣው ለዚሁ ነው።

ማሳው ዳር የቆመ ገበሬ የቦዩን አፍ በመቆፈሪያ እየከፈተ አገኘሁ። «ካላስወጣሁት ይተኛበታል» አለኝ። ከሱ ማሳ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ግን የመንገዱ ቦይ በደለል ተደፍኗል። ውሃው አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ ከዚያ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ከሥር ያለውን ያላላል፣ የከባድ መኪና ጎማ በጫነው ቁጥር ደቃቁን እየተፋ ይወጣል። ከላይ ያለው አስፋልት ባዶ ላይ ሲቀር ይሰበራል። ጉድጓድ የሚጀምረው ከሥር ነው፤ እኛ የምናየው መጨረሻውን ነው።

ሐምሌ 6፣ አምቦ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ቤት ዋልኩ፣ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ ጉዳቱ ከክብደቱ እጅግ ፈጥኖ እንደሚያድግ ታይቷል፤ በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ስሌት የኔ ብስክሌት ዕድሜ ልኳን ብትመላለስ አንድ የተጫነ ተሳቢ አንዴ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት አታክልም።

በኛ ሀገር የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ገቢው ከነዳጅ ሽያጭ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። አግባብ ነው፤ የሚሰብር ይክፈል። ግን አንድ ነገር ያስከትላል፦ ነዳጅ የማይቀዳ ሰው ለመንገድ ጥገና ባለጉዳይ አይመስልም። መንገድ የሚመረመረውም ከመኪና ወንበር ላይ ነው። መኪና ካለፈ መንገዱ «ያስኬዳል»።

የሚገርመው አጀማመሩ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር ያቋቋሙት ብስክሌተኞች ናቸው። በአሜሪካም መንገድ ይስተካከል ብለው የጮኹት ብስክሌተኞች ናቸው፤ ያን ጊዜ መኪና ገና አልበዛም።

ነሐሴ 10፣ በጉደር መንገድ

ልጆች ጉድጓዱን በአፈርና በድንጋይ ሞልተው ከሹፌሮች ሳንቲም ይጠይቃሉ። ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ፣ አፈሩ ሄደ፣ ድንጋዩ ቀረ። ለብስክሌት ከጉድጓዱ የባሰው ይሄ ነው።

በልጆቹ አይፈረድም። ትልልቆቹም ሬንጅ የነካው ጠጠር ውሃ በያዘ ጉድጓድ ላይ ሲደፉ አይቻለሁ። ደህና ጥገና የተሰነጠቀውን ጠርዝ አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጣል፣ እርጥቡን ያወጣል፣ በየንብርብሩ ይጠቀጥቃል፣ ጠርዙን ሬንጅ ይቀባል። ከነባሩ አስፋልት ጋርም እኩል ይሆናል፤ ከፍ ካለ እሱም ጉብታ ነው።

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፀሐይ ወጣች፣ አደይ ፈነዳች፣ ጉድጓዶቹም ደርቀው ልካቸው ታየ። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እየሠራች ነው፤ መልካም ነው። ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች አሁን ያን አልጠይቅም። የምጠይቀው ያነሰ ነው፦ ጥገናው በበጋ፣ አፈሩ ደርቆ ሳለ ይሠራ፤ የመንገዱ ጠርዝም እንደ መሀሉ ይታይ፤ ለቱቦ የቆፈረ እንደነበረው ሳይመልስ አይሂድ። በደጃፋችሁ ቦይ የሚያልፍባችሁ የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ሰዎች ደግሞ ሃይላንዱንና ደለሉን ግንቦት ሳይገባ ጥረጉት።