የቡናው ደን እፉኝቶች

አቦሉን ጠጥተናል፤ ቶናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወዳጄ። ይህ ቡና ከሐረና ጫካ የተለቀመ ቢሆን፣ ከዛፉ ሥር በረገፈው ቅጠል ውስጥ ማን የተኛ ይመስልሃል? እፉኝት ናት። «በቡና ሰዓት ደግሞ እባብ ምን አመጣው?» አትበለኝ፤ ቡናውንም እሷንም የሚያኖራቸው ያው አንድ ደን ነው።

ሐረና በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት ላይ ያለ ጥቅጥቅ ደን ነው፤ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅልበታል። በምዕራብ በኩል፣ በኢሉባቦርም እንዲሁ። እና በሁለቱም ወገን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ እፉኝት አለች። የምዕራቧን ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቦሜ በ1977 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቋት፤ የተገኘችውም በመቱና በበደሌ መካከል ነው። የባሌዋስ? እሷ ለብዙ ጊዜ የምዕራቧ እህት እንኳ ሳትሆን ራሷ የምዕራቧ ተደርጋ ስትቆጠር ኖረች። ተመራማሪው ዴቪድ ጋወርና ባልደረቦቹ «ቢቲስ ሐረና» ብለው ለብቻዋ ስም የሰጧት በ2016 ነው። ዛሬም በሳይንስ ዓይን የታዩት ጥቂት ናቸው።

ሁለቱን የለያያቸውን ለማየት ሞጆ ላይ ቁም። ሞጆን ምን አገባት ትለኝ ይሆናል። እንዴት አያገባት! ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሞጆ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ በግራ አዳማ፣ በቀኝ መቂና ሐዋሳ። ከደረቅ ወደቡ ዕቃ ጭነው የሚወጡት ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። እዚያ ቆመህ ብታስብ፣ ከኋላህ የምዕራቡ ደጋ፣ ከፊትህ የአርሲና የባሌ ደጋ አለ። መሃሉ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ግራር፣ የጤፍ ማሳ፣ ፀሐይ። ጥላና እርጥበት የለመደች እፉኝት ይህን ሜዳ እንዴት ትሻገረዋለች? የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው ይባል የለ፤ እፉኝት ደግሞ ከሌላው እባብም ዘገምተኛ ናት፣ አድብታ ነው የምታድነው። ስለዚህ የምሥራቁ በምሥራቅ፣ የምዕራቡ በምዕራብ ቀረ። ደማቸው ሳይገናኝ ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ ሁለት ዘር ሆኑ። የደጋ እንቁራሪቶቻችንን ያጠኑ ሰዎችም ይኸው ሸለቆ እንደለያያቸው አይተዋል። ቀይ ቀበሮም ቢሆን የሰሜኑና የባሌው አይገናኙም።

ታዲያ መለያየቱ ምን ይጎዳል? በእኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? አያቶቻችን ስለ ዘረመል ሳይማሩ ቅርብ ለቅርብ መጋባት እንደማይበጅ ደርሰውበታል። ትንሽ ደን ውስጥ የተዘጋች እፉኝት ግን ሰባት ቤት ልትቆጥር አትችልም፤ ያገኘችው ሁሉ ዘመዷ ነው። የዘረመል ስብጥሩ ሲሳሳ ደግሞ አንድ በሽታ ወይም የአየር ለውጥ ቢመጣ የሚቋቋም ይጠፋል።

ይህ በአገረ ስዊድን በዓይን ታይቷል። በደቡቡ የባሕር ዳርቻ ጥቂት እፉኝቶች በእርሻ ተከበው ለብቻቸው ቀርተው ነበር። ግልገሎቻቸው ብዙዎቹ ሞተው ወይም አካላቸው ጎድሎ ይወለዱ ጀመር። ተመራማሪው ቶማስ ማድሰንና ባልደረቦቹ በ1992 ከሌላ አካባቢ 20 ወንድ እፉኝቶች አምጥተው ለቀቁባቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተረፉትን መልሰው ወሰዱ። ጤነኛ ግልገል ተወለደ፤ ሊጠፋ የነበረው ወገን በ1999 አንሰራርቶ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ግን መነሻው ነው። እነዚያን የለያቸው እንደኛ ያለ ሸለቆ አይደለም፤ ማረሻ ነው።

ይወለዱ ስልህ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእፉኝት ልጅ የእናቱን ሆድ ቀዶ ይወጣል ሲባል ነው ያደግነው። አይቀድም። አብዛኞቹ እፉኝቶች እንቁላሉን በሆዳቸው ይዘው ግልገል ይወልዳሉ፤ እናትየው ወልዳ በሰላም መንገዷን ትሄዳለች። ለብርዳም ተራራ ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። እንቁላሉ ቀዝቃዛ አፈር ላይ ከሚቀር፣ ፀሐይ በወጣችበት እየተዘዋወረች በሆዷ ታሞቀዋለች። ግን በብርድ አገር በየዓመቱ ላትወልድም ትችላለች፤ አንዲት እርጉዝ እፉኝት ስትገደል ጉዳቱ የአንድ ነፍስ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ነይ ቶናውን ቅጂ፣ ልጄ። አንተም ጠጣ፣ አይቀዝቅዝብህ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ሐረና ሰው ይኖርበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ማሳም ይገፋዋል። ደኑ እየተቆራረጠ በሄደ ቁጥር የስዊድኑ ነገር እኛም ዘንድ ይመጣል። የዝቋላን ተራራ ከሞጆ ሆነህ አይተኸው የለ? አናቱ ላይ ያለውን ደን ገዳሙ ባይጠብቀው እስከዛሬ ይቆይ ነበር? ሐረናንም በዚያ ልብ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ደግሞ ከጫካ ቡናው ለቅሞ ከሚያድር ሰው የተሻለ ማን አለ? ዛፉ ቆሞ ሲውል ተጠቃሚው እሱ ነው።

እሱ ሰውዬ ግን እፉኝት ሲያይ ዱላ ያነሳል። እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል ተብሎ ነው ያደገው፤ አልፈርድበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2017 ነው፤ የሚነደፈውም አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግሩ ማሳ የሚውል ገበሬ ነው። መድኃኒቱም ከእባቡ መርዝ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለአንዱ ዘር የተሠራው ለሌላው ላይበቃ ይችላል። ሁለቱን የደጋ እፉኝቶች ለይቶ ማወቅ ለሕክምናም ይጠቅማል የምልህ ለዚህ ነው። እስከዚያው ሰው ሲነደፍ ቁስሉ አይቆረጥ፣ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታሰር፤ ቀለበትና አምባሩ ይውለቅ፣ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ ተደግፎ ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የጫካ ቡና ለቃሚው ጫማ ቢኖረው፣ በቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያም መድኃኒቱን ቢይዝለት፣ ዱላውን እንዲያስቀምጥ ያኔ ደፍረን ልንለምነው እንችላለን።