አዳር በሰቆጣ

ሰቆጣን በስም የሚያውቃት ብዙ ነው፤ መልኳን ያየ ግን ጥቂት ነው። ስሟ የሚነሳው ድርቅ ሲወራ፣ የእርዳታ እህል ሲጫን፣ የሕፃናት መቀንጨር ሲነገር ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ቃሉን በዚች ከተማ ስም ጠርቶ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ቅን ቃል ነው፤ ፍጻሜውን ያሳየን። ሆኖም ይህን የሚያህል ታሪክ የተሸከመች ከተማ በመላ አገሪቱ የምትታወቀው በልጆቿ ረሃብ ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል። ሰቆጣ ሰው አገር ለማየት ብሎ ሊሄድባት፣ ሄዶም ሊያድርባት የሚገባ ከተማ ናት። ይህን የምለው ሄጄ፣ አድሬ፣ አይቼ ነው።

የገባሁት በኮረም በኩል ነው። ከኮረም ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ስትይዝ ዝም ብሎ መጓዝ ይከብዳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በሰቆጣ ዙሪያ ያለው የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ኮረም መጠለያ የተጓዘው በዚህ አቅጣጫ ነው። ዓለም ያለቀሰላቸው እነዚያ ፊቶች ብዙዎቹ የእነዚህ ሸንተረሮች ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በመኪና መስኮት የሚታየው ደግሞ ሌላ ነገርም ይጨምራል፤ ከተራራው ግርጌ እስከ ወገቡ የተደረደረ የድንጋይ እርከን፣ ከከብት ተከልሎ ቁጥቋጦ ማብቀል የጀመረ ዳገት። አፈሩ ተጠርጎ ካለቀበት መሬት ላይ ድንጋይ ለቅሞ፣ ደርድሮ፣ የሚመጣውን አፈር የሚጠብቅ ገበሬ ተስፋ የቆረጠ ሰው አይደለም። ስለ ዋግ ሲጻፍ ይህ እርከን ከድርቁ እኩል ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መናገሻ ናት። ስደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል መዝጋቢ ወጣት ልጅ ናት፤ መታወቂያዬን ተቀብላ ስሜን እየጻፈች «ለሥልጠና ነው የመጡት ጋሼ?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ለግምገማ ነው?»

«እሱም አይደለም። አገር ለማየት ነው የመጣሁት። የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ ተጣራች፤ «እትዬ! እንግዳው ውቅርን ሊያዩ ነው የመጡት!» ባለቤቲቱ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ ብቅ አሉ። «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» አሉኝ። «ዛሬ ደክሞሃል፤ እረፍ። ነገ በማለዳ ነው የሚወጣው፤ ኋላ ፀሐዩ አይቻልም። የሚወስድህ ልጅ እኔ እጠራልሃለሁ።»

የልጅቱ ጥያቄ ሌሊቱን ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የሰቆጣን አልጋ የሚሞላው ሠልጣኝ ነው፣ አሠልጣኝ ነው፣ የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ ነው፣ እህል የጫነ መኪና ሹፌር ነው። ሁሉም ለቁም ነገር ይመጣሉ፤ ሥራቸውን የሚያቃልል አንደበት የለኝም። ነገር ግን በአበል መጥቶ፣ በአዳራሽ ውሎ፣ ሪፖርቱን ጽፎ የሚመለስ ሰው ያቺን ከተማ የሚያውቃት በችግሯ በኩል ብቻ ነው። ከተማዋም ራሷን በእንግዶቿ ዓይን ማየት ትለምዳለች። አንድ ሰው ወዶ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ውበቷን ብሎ ሲመጣባት ግራ የምትጋባ ከተማ ማድረጋችን የሁላችንም ዕዳ ነው።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነበር። አንሶላው ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ መሆኑ ከጠረኑ ይታወቃል። ከመታጠቢያው ጥግ አንድ ሰማያዊ በርሜል አለ፤ እስከ አፉ በውሃ ተሞልቶ ክዳኑ ላይ የላስቲክ ጆግ ተደፍቶበታል። መብራት ሲጠፋ ልጅቱ ሻማና ክብሪት ይዛ መጣች፤ በዚያው በርሜሉን ገልጣ ውሃው እንዳልጎደለ አየች። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ከቦኖ ፊት ተሰልፈው በሚውሉበት አገር ለማያውቁት መንገደኛ በርሜል ሙሉ ውሃ ማኖር ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ኮከብ የተደረደረላቸውን ሆቴሎች አይቻለሁ፤ ያን ያህል የተከበርኩበት ጥቂት ነው።

ይህ ክብር ከሆቴል በፊት የነበረ ነው። በአገራችን አዳር በገንዘብ መሸጥ ከጀመረ ገና መቶ ዓመትን ትንሽ ያለፈ ቢሆን ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ተከፍሎበት የሚበላ ምግብ አልዋጥላቸው ብሎ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ቀድመው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አስለመዷቸው ይባላል። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ በገጠሩ ሁሉ፣ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። የሰቆጣ ሆቴል ባለቤት ሒሳብ ይቀበላሉ፤ እንግዳ አቀባበላቸው ግን ገና የዚያ ቤት ነው።

እራት የቀረበልኝ ዓሣ ነው። በደጋ ከተማ፣ ባሕርም ሐይቅም በማይታይበት አገር፣ ጥርት ያለ የዓሣ ጥብስ ከነዳጣው። ከተከዜ ነው አሉኝ። ትግራይ ውስጥ በወንዙ ላይ የተገነባው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ወደ ኋላ የተኛው ውሃ እስከ ዋግ ቆላዎች እስከ ዝቋላና አበርገሌ ደረሰ፤ ፍየል ጠባቂ የነበረው ወጣት መረብ መጣል ጀመረ። ግድቡን የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ከዚያ ገደል ውስጥ ዓመታት የከረመው ቻይናዊ መሐንዲስ ተከዜን ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቀዋል። የእኛ ነጋዴ በበኩሉ የቻይናዋን ጓንዡ አብጠርጥሮ ያውቃል፤ የትኛው ሆቴል ለገበያው እንደሚቀርብ፣ የቱ ሰፈር የሐበሻ ምግብ እንደሚገኝበት ይነግርሃል። ሄዶ ሠርቶ ይመለስ፣ ይቅናው፤ ባየው ነገር የሰፋ ሰው ነው። እኔ የምመኘው ያንኑ ዓይን፣ ያንኑ ጉጉት ለዋግም እንዲያውለው ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ባለቤቲቱ ከጠሩልኝ ልጅ ጋር ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄድን። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ በእግሩ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ከፊት ለፊቱ ስትቆም በመጀመሪያ የምታየው ግንበኛ ጠርቦ የካበው ሕንጻ ይመስልሃል፤ ቀረብ ስትል ድንጋይ ከድንጋይ የተገናኘበት መስመር አታገኝም። ዓምዱ፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ የበሩ ጉበን ሁሉ አንድ ቋጥኝ ነው። ውስጥ ገብተህ ቀና ስትል ጣሪያው ላይ መስቀልና ሐረግ መሰል ቅርጽ ተቀርጿል። እጄን ከግድግዳው ሳላስነካ አስጠግቼ የመሮውን ፈለግ ተከተልኩት፤ እያንዳንዱ ምት ከጣት ስፋት አይበልጥም፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሠራተኛው የቆመበትን ቦታ፣ እጁን ያነሳበትን ጎን ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ስሙን ማንም አያውቀውም።

«አባታችን፣ ማን አሠራው ይላሉ?» ብዬ በር የከፈቱልንን ቄስ ጠየቅኳቸው።

«ከላሊበላ ይቀድማል ብለው አባቶቻችን ነግረውናል፤ እኛም እንደዚያው እናስረክባለን ልጄ» አሉኝ። ከዚያም ዕጣን አጨሱ። ዕጣኑ ከዚሁ ከዞኑ ቆላ የመጣ ነው፤ በአበርገሌ በኩል ባለው ደረቅ ተዳፋት ላይ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ሌላው ዓለም ለእምነቱና ለሽቶው ከሩቅ የሚያስመጣውን እነሱ ከደጃቸው ያጨሱታል።

በዚሁ ደብር ዋግን የገዙት የዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ፣ ሳይፈርሱ የደረቁ አስከሬኖች አሉ። ፊታቸው ስቆም የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ የታሪክ ክብደት ነበር። ዛግዌዎች በ13ኛው መቶ ዘመን መንግሥቱን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ በዋግ የቀረው ወገናቸው ነጋሪት የማስመታትና በብር ወንበር የመቀመጥ ክብሩን ይዞ እንደቆየ ይተረካል። ይህ ቤት ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም ንጉሠ ነገሥት አውጥቷል። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በሆኑት፣ እስኪሸነፉ ድረስ ዙፋኑ የዋግ ነበር። ይህንን በትምህርት ቤት አንድ አንቀጽ አንብበን አልፈነዋል። እዚያ ቆሞ ማሰብ ሌላ ነው።

ስለ አስከሬኖቹ ግን ዝም አልልም። የደረቀ አካል ጠላቱ እርጥበት ነው፣ የሰው እጅ ነው፣ ችላ መባል ነው። ካህናቱ በአቅማቸው ለብዙ ዘመን ጠብቀዋቸዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥበቃ የባለሙያ እጅ፣ የእርጥበት መለኪያና የተገባ ማስቀመጫ ይፈልጋል። የቅርስ ጥበቃ ኃላፊነት ያለባቸው የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶች ላሊበላ ሲደርሱ እዚያ ባይቆሙ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ሰሜን ቢጨምሩ ይህን ያያሉ።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ዋልኩ። በ19ኛው መቶ ዘመን በሰቆጣ ያለፉ ተጓዦች የአሞሌ ጨው ገበያ መሆኗን መዝግበዋል፤ ከአፋር በረሃ የተቆረጠው ጨው በግመልና በበቅሎ ወጥቶ ገንዘብ የሚሆነው እዚህ ነበር። ዛሬ አሞሌ ገንዘብ አይደለም። የአበርገሌ ፍየል አለ፣ ማር አለ፣ ማሽላና ገብስ አለ፤ ሁለት ሴቶች በኽምጥኛ ሲከራከሩ ቆይተው ለእኔ ዋጋውን በአማርኛ ነገሩኝ። ማሩን ቀመስኩ፤ ገዛሁ። ወደ ሆቴሉ ስመለስ ባለቤቲቱ የገዛሁበትን ዋጋ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው «ደግ ሰው ናት የሸጠችህ» አሉ።

ማታ ባለቤቲቱ ስለ ሰሜኑ ጦርነት አወጉኝ። ከተማዋ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. መካከል በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ነበር፤ ተቋሞቿ ተዘርፈዋል፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከተማዋ ዙሪያ መጠለያ ገብተዋል። ባለቤቲቱ ያጡትን ዕቃ አልዘረዘሩም። ያሉኝ እንዲህ ነው፦ «ከሁሉ የከፋብን እንግዳ መቅረቱ ነው። ሰው ሲቀር ከተማ ከሰው ቁጥር የወጣ ይመስለዋል።»

እኔም ከዚያ ማታ ጀምሮ ያመንኩት ይህንን ነው። እርዳታ ሰቆጣን ከሞት አትርፏታል፤ ምስጋና ይድረሰው። ክብሯን የሚመልስላት ግን አይቶ የሚያደንቃት፣ ለአልጋዋ፣ ለማሯና ለአስጎብኚ ልጇ ከፍሎ የሚሄድ እንግዳ ነው። ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ዓለም እስከዚያ ድረስ ይመጣል። የሚያስፈልገው መንገዱን መቀጠል ብቻ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ላሊበላ ስትሄድ የመንገዱን ሰላም ጠይቀህ፣ ሰላም ከሆነ ወደ ሰሜን ዝለቅ። ብትችል ነሐሴ 16 ለሻደይ በዓል ተገኝ፤ ልጃገረዶቹ ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ ታያለህ፤ ያን ሰሞን አልጋ ስለሚጠብብ አስቀድመህ ደውል። ለምን መጣህ ብለው ሲጠይቁህ፣ አገር ለማየት ነው በላቸው። አንድ ሌሊት አይበቃህም፤ ሁለት እደር።